ጨረሩን ከጫጫታው መለየት፤ የጠንካራ ኤክስሬይ ዲቴክተሮች ለጠፈር እንዴት ይነደፋሉ?

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 12 ቀን 1970 ኬንያ ነፃ የወጣችበትን ሰባተኛ ዓመት ስታከብር፣ ከማሊንዲ ከተማ ወጣ ብሎ በሕንድ ውቅያኖስ ላይ ከቆመ የብረት መድረክ አንድ ሮኬት ተወነጨፈ። ‹‹ሳን ማርኮ›› የሚባለው መድረክ የጣሊያኖች ሲሆን፣ ሮኬቱ የተሸከመው ሳተላይት ግን የአሜሪካ ነበር። ዕለቱን ምክንያት በማድረግም ሳተላይቱ ‹‹ኡሁሩ›› ተባለ፤ በስዋሂሊ ‹‹ነፃነት›› ማለት ነው። ኡሁሩ ለኤክስሬይ ሥነ ፈለክ ብቻ ተብሎ የተሠራ የመጀመሪያው ሳተላይት ሲሆን፣ ከሁለት ዓመት ጥቂት ከፍ ባለ የሥራ ዘመኑ ካሰባሰበው መረጃ 339 የኤክስሬይ ምንጮች ተመዝግበዋል። የሥራው መሪ የነበሩት ሪካርዶ ጃኮኒ በዚህ የጥናት ዘርፍ ላበረከቱት ፈር ቀዳጅ አስተዋጽኦ እ.ኤ.አ. በ2002 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነዋል።

ለመሆኑ አሜሪካውያን የራሳቸው ማስወንጨፊያ ጣቢያዎች እያሏቸው ሳተላይቱን ውቅያኖስ አሻግረው ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ ያመጡት ለምንድን ነው? ከምድር ወገብ የሚነሣ ሮኬት የምድር ሽክርክሪት ስለሚያግዘው የበለጠ ክብደት መሸከም መቻሉ አንዱ ምክንያት ነው። ኤክስሬይ ለሚያጠኑ ሰዎች ግን ከዚህ የሚበልጥ ሌላ ጥቅም አለ። የምድርን ወገብ ተከትሎ በዝቅተኛ ከፍታ የሚዞር ሳተላይት ከጠፈር የሚወርድበት የቅንጣት ዶፍ በሌሎች ምሕዋሮች ላይ ካለው ያነሰ ነው።

ነገሩ ትንሽ ይምሰል እንጂ የሙያው ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። የጠንካራ ኤክስሬይ ዲቴክተር የሚነድፍ መሐንዲስ ጨረሩን ለመያዝ ብዙ መላ አለው። እንቅልፍ የሚነሣው ጨረር ሳይሆን ጨረር መስሎ የሚመጣውን እንዴት አልቀበልም የሚለው ጥያቄ ነው። ከክሪስታሉ ምርጫ አንሥቶ እስከ ምሕዋሩ ድረስ ያለው ውሳኔ ሁሉ ለዚህ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ነው ማለት ይቻላል።

‹‹ጠንካራ›› ሲባል

የሬዲዮ ሞገድ፣ በዓይን የሚታየው ብርሃንና ኤክስሬይ የአንድ ቤተሰብ አባላት ናቸው። የሚለያዩት እያንዳንዱ ፎቶን፣ ማለትም እያንዳንዱ የብርሃን ቅንጣት በሚሸከመው ኃይል ነው። የሚታየው ብርሃን ፎቶን ከሁለት እስከ ሦስት ኤሌክትሮን ቮልት ግድም ይይዛል። ኤክስሬይ ላይ ሲደረስ ቁጥሩ በሺሕ ስለሚሆን መለኪያው ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ነው፤ ከዚህ በኋላ ኪ.ኤ.ቮ. እያልን እናሳጥረዋለን። በልማድ ከ10 ኪ.ኤ.ቮ. በታች ያለው ለስላሳ፣ ከዚያ በላይ ያለው ጠንካራ ይባላል። ሐኪም ቤት ደረትዎን ሲነሡ በሰውነትዎ ውስጥ አልፎ ምስል የሚሠራው ኤክስሬይ ከጠንካራው ወገን ነው።

ጠንካራው የሚፈለግበትም ምክንያት ከሐኪም ቤቱ የራቀ አይደለም፤ ሰንጥቆ ማለፍ ይችላል። በብዙ ጋላክሲዎች መሐል የሚገኙት ግዙፍ ጥቁር ጉድጓዶች በወፍራም ጋዝና አቧራ የተሸፈኑ ናቸው። ለስላሳው ኤክስሬይ እዚያው ተውጦ ሲቀር፣ ጠንካራው ግን መጋረጃውን አልፎ ይወጣል። ከሰማይ ከየአቅጣጫው የሚመጣው የኤክስሬይ ድምር ብርታቱ ጎልቶ የሚታየው 30 ኪ.ኤ.ቮ. አካባቢ ሲሆን፣ የዚህ ምንጭ በአብዛኛው እነዚሁ ጥቁር ጉድጓዶች እንደሆኑ ይታመናል። በለስላሳው ብቻ ሰማዩን የሚቃኝ ሰው ከእነዚህ ብዙዎቹን ሳያይ ያልፋል።

ችግሩ ደግሞ ይኸውና፤ ጠንካራ ፎቶን ብርቅ ነው። በሰማይ ላይ እጅግ ብሩህ ከሚባሉት ምንጮች አንዱ የሆነውን ክራብ ኔቡላን እንውሰድ። ከ20 እስከ 80 ኪ.ኤ.ቮ. ባለው ክልል ውስጥ በአንድ ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ላይ የሚያርፈው በአራት ሰከንድ አንድ ፎቶን ያህል ብቻ ነው። ተመራማሪዎች በእርግጥ የሚፈልጓቸው ደካማ ምንጮች ደግሞ ከዚህ በሺሕ፣ አንዳንዴም በመቶ ሺሕ እጥፍ የደከሙ ናቸው። በአንጻሩ ዲቴክተሩ የተቀመጠው ፕሮቶኖችና ሌሎች ፈጣን ቅንጣቶች ያለማቋረጥ በሚወርዱበት ቦታ ነው። በገበያ ቀን መርካቶ መሐል ቆሞ አንድ ሰው በሹክሹክታ የሚናገረውን ለመስማት እንደመሞከር ይቆጠራል።

የምድር አየር ኤክስሬይን ስለሚያስቀር ሥራውን ከመሬት ሆኖ መሥራት አይቻልም። ጠንካራው እስከ 40 ኪሎ ሜትር ግድም ከፍታ ድረስ ስለሚዘልቅ በግዙፍ ፊኛ ዲቴክተር እየሰቀሉ ለሰዓታት የመመልከት ዘዴ አለ፤ ብዙዎቹ የዘርፉ ፈጠራዎችም መጀመሪያ የተፈተኑት በፊኛ ነው። ረጅም ጊዜ ለማየት ግን ሳተላይት የግድ ነው።

ክሪስታሉ

ኡሁሩ ይጠቀምበት የነበረው በጋዝ የተሞላ ሳጥን ነበር። ኤክስሬይ ጋዙን ሲመታ ኤሌክትሮኖች ይለቀቃሉ፤ ኤሌክትሮኖቹም ተባዝተው በሽቦ ላይ ይቆጠራሉ። እስከ 20 ኪ.ኤ.ቮ. ድረስ ይህ ጥሩ ሠርቷል። ከዚያ በላይ ግን ጋዙ ለጨረሩ ባዶ ሜዳ ይሆንበታል፤ ፎቶኑ ምንም ሳይነካ ያልፋል።

ስለዚህ ከባድ አቶሞች ወዳሉበት ጠጣር ነገር መሄድ አስፈለገ። ለብዙ ዓመታት የተሠራበት ሶዲየም አዮዳይድን የመሰለ፣ ጨረር ሲመታው ብልጭ የሚል ክሪስታል ነው። እነዚህ ክሪስታሎች ጨረሩን በሚገባ ያስቆማሉ፤ በትልቅ ስፋትም ሊሠሩ ይችላሉ። ድክመታቸው የፎቶኑን ኃይል በትክክል አለመለካታቸው ነው። ብልጭታው ወደ ኤሌክትሪክ እስኪቀየር ድረስ ብዙ ስለሚባክን 60 ኪ.ኤ.ቮ. እና 68 ኪ.ኤ.ቮ. ሊምታቱ ይችላሉ።

ሌላው ምርጫ ጨረሩን በቀጥታ ወደ ኤሌክትሪክ ክፍያ የሚለውጥ ሴሚኮንዳክተር ነው። በቅርብ የሚታወቀው ሲሊከን ቢሆንም አቶሙ ቀላል ነው፤ ግማሽ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሲሊከን ባለ 60 ኪ.ኤ.ቮ. ፎቶኖችን ከመቶ አምስቱን እንኳ አያስቆምም። ጀርማኒየም በኃይል አለካክ ወደር የለውም። ሆኖም ሙቀት ብቻውን ኤሌክትሮኖቹን ስለሚያናውጣቸው ከዜሮ በታች ወደ 185 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ካልቀዘቀዘ አይሠራም። የአውሮፓው ኢንቴግራል ሳተላይት ከመሣሪያዎቹ አንዱን በዚህ መንገድ አቀዝቅዞ ተጠቅሞበታል። ይሁን እንጂ ማቀዝቀዣ ማለት ተጨማሪ ክብደት፣ ተጨማሪ የኤሌክትሪክ ኃይልና ሊበላሽ የሚችል ተጨማሪ ማሽን ማለት ነው።

የዛሬዎቹ ንድፎች በብዛት ያዘነበሉት ወደ ካድሚየም ቴሉራይድ እና ወደ ወንድሙ ካድሚየም ዚንክ ቴሉራይድ ነው። ሁለቱም ከባድ አቶሞች አሏቸው፤ ሁለት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የካድሚየም ዚንክ ቴሉራይድ ቁራጭ ባለ 60 ኪ.ኤ.ቮ. ፎቶኖችን ከሞላ ጎደል ሁሉንም ያስቆማል። ከዚህም በላይ በተራ ሙቀት ሊሠሩ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በጁን 2012 የተወነጨፈው የናሳው ኑስታር ዲቴክተሮች የሚሠሩት በአምስት ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ የወጥ ቤት ፍሪጅ ማለት ነው።

እንከን የሌለው ነገር የለምና ይህም ክሪስታል የራሱ አመል አለው። ፎቶን ሲመታው ሁለት ዓይነት ክፍያ ይፈጠራል፤ ኤሌክትሮኖችና ኤሌክትሮኖቹ ትተውት የሚሄዱት ባዶ ቦታ፣ በሙያው ቋንቋ ‹‹ሆል›› የሚባለው። ኤሌክትሮኖቹ ፈጣን ስለሆኑ በደኅና ይደርሳሉ። ሆሎቹ ግን ቀርፋፋ በመሆናቸው ብዙዎቹ በመንገድ ላይ ክሪስታሉ ውስጥ ባሉ እንከኖች ተይዘው ይቀራሉ። ውጤቱ ምንድን ነው? ፎቶኑ ላይኛው ገጽ አጠገብ ቢቆም አንድ ቁጥር፣ ወደ ውስጥ ገብቶ ቢቆም ሌላ ቁጥር ይነበባል። ያው አንድ ፎቶን እንደወደቀበት ጥልቀት ኃይሉ የተለያየ ሆኖ ይታያል።

መሐንዲሶች ለዚህ ሁለት መላ አበጅተዋል። አንደኛው ምልክቱ ከፍ ለማለት የሚወስድበትን ጊዜ መለካት ነው፤ ከረዘመ ፎቶኑ በጥልቀት ቆሟል ማለት ስለሆነ ቁጥሩ በስሌት ይታረማል። ኢንቴግራል ላይ የነበረው ‹‹አይስግሪ›› የተባለ መሣሪያ ይህን ያደርግ ነበር። ሁለተኛው በእኔ አስተያየት ይበልጥ ብልኃት ያለበት ነው። የክሪስታሉን የታችኛውን ገጽ ከውፍረቱ በጣም ባነሱ ጥቃቅን ፒክስሎች ይከፋፍሉታል። በዚህ ጊዜ ፒክስሉ የሚሰማው ወደ እሱ ተጠግቶ የሚያርፈውን ኤሌክትሮን ብቻ ይሆናል፤ ሆሎቹ ደረሱም ቀሩም ምልክቱን እምብዛም አይለውጡትም። የኑስታር ፒክስሎች 0.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ስፋት አላቸው።

ሌላው ራስ ምታት ክሪስታሉን ማሳደግ ነው። እንደ ሲሊከን በሰፊው ንጹሕ ሆኖ አይገኝም፤ ከተመረተው ጥርብ ውስጥ ለጠፈር የሚበቃው ጥቂት ነው። ስለዚህ ትልቅ ስፋት የፈለገ ሁሉ ትንንሽ ቁራጮችን እየለቀመ እንደ ወለል ንጣፍ ይደረድራል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2004 የተወነጨፈው ስዊፍት እያንዳንዳቸው አራት በአራት ሚሊ ሜትር የሆኑ 32,768 ቁራጮች ተደርድረውለታል። አይስግሪ 16,384 ነበሩት። እያንዳንዱ ቁራጭ የየራሱ ባሕርይ ስላለው እያንዳንዱ ለብቻው ተለክቶ መመዝገብ ነበረበት።

13 ሺሕ ኤሌክትሮን

አንድ ባለ 60 ኪ.ኤ.ቮ. ፎቶን በካድሚየም ዚንክ ቴሉራይድ ውስጥ ሲቆም የሚለቀቁት ኤሌክትሮኖች 13 ሺሕ ያህል ናቸው። ቁጥሩ ብዙ ቢመስልም በኤሌክትሮኒክስ ዓለም ከምንም አይቆጠርም። ከክሪስታሉ እስከ ማጉያው ድረስ አጭር ሽቦ እንኳ ቢዘረጋ፣ ሽቦው በራሱ የሚፈጥረው ሁከት መለኪያውን ያዛባል። ስለዚህ ክሪስታሉ በቀጥታ በቺፕ ላይ ይጣበቃል፤ እያንዳንዱ ፒክስል ከሥሩ የራሱ ማጉያ ይኖረዋል። የኑስታር ቺፕ በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ ካልቴክ፣ ለዚሁ ሥራ ተብሎ የተነደፈ ነው። ሳተላይቱ ሁለት ዲቴክተሮች ሲኖሩት እያንዳንዳቸው በአራት ክሪስታል የተሠሩ ናቸው፤ አንዱ ክሪስታል 32 በ32 ፒክስል ስላለው በጠቅላላው 8,192 ማጉያዎች ይሠራሉ ማለት ነው።

እዚህም ድርድር አለ። ፒክስሉ ባነሰ ቁጥር የአንዱ ፎቶን ክፍያ በሁለት ጎረቤታሞች ላይ የመከፈል ዕድሉ ይጨምራል፤ ስለዚህ ቺፑ የተመታውን ፒክስል ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ያሉትን ስምንቱንም አንብቦ መደመር አለበት። ይህ ንባብ በኑስታር ላይ ለእያንዳንዱ ፎቶን 2.5 ሚሊ ሰከንድ ይወስዳል። በዚያ መሐል ሌላ ፎቶን ቢመጣ አይቆጠርም። በሰከንድ ከ400 በላይ መቁጠር አይችልም ማለት ነው። ለተራ ሰው ይህ ድክመት ሊመስል ይችላል። ነዳፊዎቹ ግን ዓላማቸው ደካማ ምንጮች መሆናቸውን ስለሚያውቁ ፍጥነቱን ትተው ጥቂት ኤሌክትሪክ የሚበላና ጫጫታው ዝቅ ያለ ቺፕ መረጡ።

ጋሻው ራሱ ሲናገር

አሁን ወደ ዋናው ጠላት እንምጣ። ዲቴክተሩን ከየአቅጣጫው ከሚመጣው ጨረር ለመከለል መጀመሪያ ወደ አእምሮ የሚመጣው እርሳስ ነው፤ ሐኪም ቤትም የሚጠቀሙት እሱኑ ነው። ነገር ግን እርሳስ ጨረር ሲመታው ዝም አይልም። አቶሞቹ በበኩላቸው 75 እና 85 ኪ.ኤ.ቮ. አካባቢ የራሳቸውን ኤክስሬይ ያወጣሉ፤ ይህም ዲቴክተሩ ከሚፈልገው ክልል መሐል ነው። ጠባቂው ራሱ መጮህ ጀመረ እንደማለት ነው።

መፍትሔው ጋሻውን በንብርብር መሥራት ሆነ። በስዊፍት ላይ ከውጭ እርሳስ፣ ቀጥሎ ታንታለም፣ ከዚያ ቲን፣ በመጨረሻ መዳብ ተደርቧል። (ታንታለም የእኛው ቀንጢቻ ከሚታወቅበት ማዕድን የሚወጣው ብረት ነው።) የእርሳሱን ጩኸት ታንታለሙ ይውጠዋል፤ ታንታለሙ በተራው 57 ኪ.ኤ.ቮ. አካባቢ የሚያወጣውን ቲኑ፣ የቲኑን 25 ኪ.ኤ.ቮ. ደግሞ መዳቡ ይቀበላል። መዳቡ የሚያወጣው ስምንት ኪ.ኤ.ቮ. ብቻ ስለሆነ መሣሪያው ከሚሠራበት ክልል በታች ይወድቃል፤ ስዊፍት የሚለካው ከ15 ኪ.ኤ.ቮ. ጀምሮ ነውና።

እንዲህ ያለው ጋሻ ለኤክስሬይ ይበቃል። እጅግ ፈጣን ፕሮቶን ግን በእርሳስ አይቆምም፤ በእርሳስ ለማቆም ቢሞከር ሳተላይቱ ከመሬት የማይነሣ ይሆናል። ስለዚህ ሁለተኛው ዓይነት ጋሻ የሚያስቆም ሳይሆን የሚያሳብቅ ነው። ዲቴክተሩ ብልጭ በሚል ወፍራም ክሪስታል ይከበባል። ፕሮቶኑ ወደ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ ጋሻውን ስለሚመታ ጋሻው ብልጭ ይላል። ጋሻውና ዲቴክተሩ በአንድ ቅጽበት ምልክት ከሰጡ ኤሌክትሮኒክሱ ‹‹ይህ እንግዳ በበር አልገባም›› ብሎ ይሰርዘዋል። ትክክለኛው ፎቶን በተተወለት ቀዳዳ ስለሚገባ ጋሻውን አይነካም።

እ.ኤ.አ. በ1996 የተወነጨፈው የጣሊያንና የሆላንድ ሳተላይት ቤፖሳክስ ይህንኑ ሐሳብ ሁለት ክሪስታሎችን በማጣበቅ ተጠቅሞበታል። የላይኛው ሶዲየም አዮዳይድ፣ የታችኛው ሲዚየም አዮዳይድ ሲሆን፣ የሁለቱ ብልጭታ የሚጠፋበት ፍጥነት ስለሚለያይ በአንድ የብርሃን መቁጠሪያ የትኛው እንደተመታ መለየት ይቻላል። የጃፓኑ ሱዛኩ ዲቴክተሮቹን እንደ ጉድጓድ ጥልቅ በሆነ ክሪስታል ውስጥ አስቀምጧቸዋል። ቻይና እ.ኤ.አ. በ2017 ያመጠቀችው ‹‹ኢንሳይት›› የተባለው ሳተላይትም 18 እንዲህ ያሉ ጥምር ክሪስታሎችን ተሸክሟል።

ያም ሆኖ ጫጫታው ፈጽሞ አይጠፋም። የኑስታር ሲዲየም አዮዳይድ ሳይሆን ሲዚየም አዮዳይድ ጋሻ ከ22 እስከ 32 ኪ.ኤ.ቮ. አካባቢ የራሱን መስመሮች በመረጃው ላይ ይጽፋል። ከፕሮቶኖቹ ከፊሎቹ ደግሞ የዲቴክተሩን አቶሞች ራሳቸውን ራዲዮአክቲቭ ያደርጓቸዋል፤ እነዚህ አቶሞች ከደቂቃዎች ወይም ከቀናት በኋላ ሲፈነዱ ማንም ውጭ ስላልመታ ጋሻው የሚያሳብቀው ነገር የለውም።

ወንፊት ወይስ መስተዋት?

ተራ መስተዋት ኤክስሬይን አይመልስም፤ ፎቶኑ ገብቶበት ይቀራል። ስለዚህ ለረጅም ጊዜ ጠንካራ ኤክስሬይ የሚመጣበትን አቅጣጫ ለማወቅ የተሠራበት ዘዴ ወንፊት ነው። ከዲቴክተሩ በላይ ቀዳዳዎቹና ድፍኖቹ በታሰበበት ሥርዓት የተዘበራረቁ የብረት ወንፊት ይሰቀላል። ከአንድ ምንጭ የሚመጣው ጨረር የወንፊቱን ጥላ በዲቴክተሩ ላይ ይጥላል፤ ጥላው ወዴት እንደተገፋ በማስላት ምንጩ የት እንዳለ ይታወቃል። የስዊፍት ወንፊት ከ50 ሺሕ በላይ በሆኑ የእርሳስ ቁራጮች የተሠራ ነው። ዘዴው ሰፊ ሰማይን ባንዴ ለመቃኘት ተስማሚ ስለሆነ፣ የትና መቼ እንደሚፈነዱ የማይታወቁትን የጋማ ፍንዳታዎች ለማደን ዛሬም ተመራጭ ነው። እ.ኤ.አ. በጁን 2024 የተወነጨፈው የቻይናና የፈረንሳይ ‹‹ስቮም›› ሳተላይት 6,400 የካድሚየም ቴሉራይድ ቁራጮችን ከወንፊት ሥር ደርድሯል።

የወንፊቱ ዕዳ ግን ግልጽ ነው። ብዙ ጨረር ለመሰብሰብ ዲቴክተሩን ማስፋት ያስፈልጋል፤ ዲቴክተሩ በሰፋ ቁጥር ደግሞ የሚመታው ፕሮቶንም አብሮ ይበዛል። ከዚህ ለመውጣት ጨረሩን በሰፊው ሰብስቦ በትንሽ ዲቴክተር ላይ ማሳረፍ፣ ማለትም መስተዋት ማግኘት ግድ ነበር።

ኤክስሬይ በመስተዋት ላይ እጅግ በተኛ ማዕዘን ሲወረወር፣ ውኃ ላይ እንደተወረወረ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነጥሮ ይሄዳል። ቻንድራ የተባለው ዝነኛ ሳተላይት እስከ 10 ኪ.ኤ.ቮ. ድረስ በዚህ መንገድ ይሠራል። ከዚያ በላይ ግን አንድ ወጥ የብረት ገጽ አይበቃም። ኑስታር የፕላቲነምና የካርቦን፣ እንዲሁም የተንግስተንና የሲሊከን ስስ ንብርብሮች በየመስተዋቱ ተለብጠውለታል። ከእያንዳንዱ ንብርብር ጥቂት ጥቂት የሚመለሰው ተደምሮ ጨረሩ እስከ 79 ኪ.ኤ.ቮ. ድረስ ይነጥራል። እያንዳንዱ የመስተዋት ክፍል እንደ ሽንኩርት ልጣጭ አንዱ በአንዱ ውስጥ የተሰካ 133 ቅርፊት አለው። ይኸው ቡድን መስተዋቱንና ክሪስታሉን አስቀድሞ እ.ኤ.አ. በ2005 በፊኛ ሰቅሎ ፈትኗቸዋል።

ማዕዘኑ እጅግ የተኛ በመሆኑ ጨረሩ የሚገናኘው ከመስተዋቱ 10 ሜትር ርቆ ነው። 10 ሜትር የሚረዝም ሳተላይት ደግሞ በትንሽ ሮኬት አፍንጫ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ምሰሶው ታጥፎ ተጭኖ ከወጣ ከሳምንት በኋላ እዚያው ጠፈር ላይ ተዘረጋ። ምሰሶው ሳተላይቱ ከፀሐይ ወደ ጥላ ሲገባና ሲወጣ በጥቂት ሚሊ ሜትር ይወዛወዛል፤ ሁለት ሌዘሮች ውዝዋዜውን ያለማቋረጥ እየለኩ የእያንዳንዱ ፎቶን ቦታ በስሌት እንዲታረም ያደርጋሉ።

ልፋቱ ፍሬ ለማፍራት አልዘገየም። በአንድ ጋላክሲ መሐል ካለ ጥቁር ጉድጓድ የሚመጣው የብረት መስመር ለምን ተጣመመ የሚለው ክርክር ለዓመታት የዘለቀ ነበር፤ ጉድጓዱ በፍጥነት ስለሚሽከረከር ነው ወይስ ጋዝ ስለሚጋርደው? በለስላሳው ኤክስሬይ ሁለቱ መልሶች አይለያዩም። ኑስታር ኤንጂሲ 1365 የተባለውን ጋላክሲ ከአውሮፓው ኤክስኤምኤም ኒውተን ጋር ተመልክቶ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ውጤት ለሽክርክሪቱ አደላ።

ይህም ንድፍ ቢሆን ያለ ዋጋ አልመጣም። በመስተዋቱና በዲቴክተሩ መካከል ያለው 10 ሜትር እንደ ቱቦ የተዘጋ ሳይሆን ክፍት ነው፤ መዝጋት ክብደት ነበርና። በዚህ የተነሣ በአቅራቢያው ብሩህ ምንጭ ካለ ጨረሩ መስተዋቱን ሳይነካ በጎን ገብቶ ዲቴክተሩ ላይ ያርፋል። ብዙ ምልከታዎች በዚህ ተበላሽተዋል። ተመራማሪዎች ግን ውለው አድረው ይህንኑ የጎን ብርሃን ራሱን ሰብስበው ማጥናት ጀመሩ።

የት ይዙር?

የምድር መግነጢስ ከጠፈር የሚመጡትን ፈጣን ቅንጣቶች ከሁሉ በላይ የሚመክተው በመግነጢሳዊው ወገብ አካባቢ ነው። ይህ መስመር በአገራችን ላይ ያልፋል፤ በ1950ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) አዲስ አበባ ላይ የመግነጢስ መለኪያ ጣቢያ የተቋቋመውም ለዚሁ መስመር ቅርብ በመሆኗ ነው። በተቃራኒው ከደቡብ አሜሪካ እስከ ደቡብ አትላንቲክ ባለው ሰፊ ቦታ መግነጢሱ ደካማ ስለሆነ የታሰሩት ፕሮቶኖች ዝቅ ብለው ይወርዳሉ። በዚያ የሚያልፍ ሳተላይት መለካት ያቆማል፤ ካለፈ በኋላም ራዲዮአክቲቭ የሆኑት አቶሞች እስኪረጋጉ ድረስ ጫጫታው አይበርድም።

ምሕዋሩ ለምድር ወገብ በቀረበ መጠን ይህ ቦታ ይሸሻል። ቤፖሳክስ አራት ዲግሪ ያህል ብቻ ያዘነበለ ምሕዋር ነበረው፤ ኑስታር ስድስት። የኑስታር ሮኬት የተለቀቀው በፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ኩዋጃሌን ከተባለው ደሴት አቅራቢያ ከሚበር አውሮፕላን ነው። ህንድም እ.ኤ.አ. በ2015 ያመጠቀችውን አስትሮሳትን በስድስት ዲግሪ ነው ያስቀመጠችው፤ 16,384 ፒክስል ባለው የካድሚየም ዚንክ ቴሉራይድ ዲቴክተሩም ከክራብ የሚመጣውን ጠንካራ ኤክስሬይ የሞገድ አቅጣጫ ለክታለች። እንዲህ ያለ ምሕዋር ላይ ያለ ሳተላይት መረጃውን የሚያወርደው ለምድር ወገብ ቅርብ በሆነ አንቴና ነው፤ ቤፖሳክስም ሆነ ኑስታር የተገለገሉት ያኔ ኡሁሩ በተነሣባት በማሊንዲ ነው።

ኢንቴግራል ግን ሌላ መንገድ መርጦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 ሲወነጨፍ ምድርን በሦስት ቀን አንዴ የሚዞር፣ በጣም የተለጠጠ ምሕዋር ተሰጠው። ከምድር ራቅ ሲል አንድን ምንጭ ያለማቋረጥ ለረጅም ሰዓት መመልከት ይችላል። በአንጻሩ የምድር መግነጢስ አይከልለውም፤ ቅንጣቶቹ በዓመታት ውስጥ ክሪስታሎቹን ስላዳከሟቸው ልኬቱ በየጊዜው መታረም ነበረበት። በዚህ ሁኔታ የሳይንስ ሥራው እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2025 እስኪያበቃ ድረስ ከ22 ዓመት በላይ አገልግሏል።

ጥገና የለም

አንድ ጊዜ የወጣ ዲቴክተር በእጅ አይነካም። ቻንድራ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ መስተዋቱ ኤክስሬይን ብቻ ሳይሆን ደካማ ፕሮቶኖችንም እየነጠረ በካሜራው ላይ እንደሚያሳርፍ ታወቀ። ይህ እስኪታወቅ ድረስ የካሜራው ቺፖች በከፊል ተጎድተው ነበር። ከዚያ ወዲህ ሳተላይቱ በጨረር ቀበቶው ሲያልፍ ካሜራው ከመስተዋቱ ፊት ገለል እንዲል ተደርጓል። ከዚያ በኋላ የተነደፉ መሣሪያዎችም ይህን ሳያስቡ አያልፉም።

የጃፓኑ ሂቶሚ ዕጣ ደግሞ የከፋ ነበር። ጠንካራ ኤክስሬይ የሚለካው መሣሪያው ምናልባት እስከዚያ ጊዜ ከታሰቡት ሁሉ የረቀቀ ነው፤ አራት የሲሊከን ንብርብሮች ከላይ፣ አንድ የካድሚየም ቴሉራይድ ከሥር ተደርድረው፣ ለስላሳው በሲሊከኑ፣ ጠንካራው በታችኛው እንዲያዝ ሆኖ ዙሪያውን በከባድ ክሪስታል ጋሻ ተከልሏል። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 17 ቀን 2016 ተወነጨፈ። ማርች 26 ቀን፣ ከዲቴክተሩ ጋር ምንም ግንኙነት በሌለው የአቅጣጫ መቆጣጠሪያ ስሕተት፣ ሳተላይቱ ከመጠን በላይ ተሽከርክሮ ተሰባበረ።

በደኅና የሚሠሩትም ቢሆኑ ልካቸው እንዳይስት የሚመሳከሩበት ነገር አብረው ይዘው ይወጣሉ። ስዊፍት ኃይሉ በትክክል የሚታወቅ ጨረር የሚያወጣ ጥቂት አሜሪሲየም ተጭኖለታል፤ ኑስታር ደግሞ ዩሮፒየም።

የኑስታር ነዳፊዎች ከያዟቸው ግቦች አንዱ ታይታኒየም 44 ነበር። ይህ ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር ኮከብ ሲፈነዳ እመሐሉ ላይ የሚፈጠር ሲሆን፣ 68 እና 78 ኪ.ኤ.ቮ. ግድም ላይ ሁለት መስመሮችን ያወጣል። የት እንደተበተነ ማየት ማለት ኮከቡ ከውስጥ እንዴት እንደፈነዳ ማየት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የካሲዮፒያ ኤ ፍንዳታ ቅሪት ካርታ በዚህ ጨረር ሲወጣ፣ ታይታኒየሙ በእኩል ሳይሆን በጉብታ በጉብታ ተበትኖ ተገኘ፤ ኮከቡ ከመፈንዳቱ በፊት ውስጡ ይናጥ እንደነበር ያመለክታል። ካርታው የተሠራው በ68ቱ መስመር ነው። የ78ቱ መስመር የሚወድቀው በመስተዋቱ ላይ የተለበጠው ፕላቲነም ጨረሩን ከመመለስ ይልቅ መዋጥ በሚጀምርበት ጠርዝ ላይ ነው።